የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት ንግግር፣ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ አማት ብዙ ተጫውተናል። ዛሬ ግን ስለ ሩጫ ልጽፍ ነው። "የመጋቢ ሚስት ስለ ሩጫ ምን አገባት?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያገባኛል። ነገሩ የተጀመረው እኔ በገዛ እጄ መዝገብ ላይ ከጻፍኩት አንድ ቀን ነውና።

እኔና ባለቤቴ አምበር የገባነው ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳለን ነው። ምሥራቅ ጎጃምን የሚያውቅ ሰው በዚያ አካባቢ ወንጌላውያን ምን ያህል ጥቂቶች እንደሆንን አይጠፋውም፤ ያን ጊዜ እሑድ የምንሰበሰበው በአንድ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ሕፃናት ለጌታ በሚቀርቡበት ዕለት የልጁን ስም፣ የወላጆቹን ስምና የተወለደበትን ቀን በመዝገብ የማሰፍረው እኔ ነበርኩ፤ የባለቤቴ የእጅ ጽሕፈት አይነበብም። በዚያ መዝገብ ላይ "ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ተወለደ" ብዬ የጻፍኩለት አንድ ወንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራውም። እርሱም ወላጆቹም ታሪኩን ስማቸው ሳይነሳ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ይህ ልጅ ሲሮጥ ነው ያደገው። አባቱ እህል ነጋዴ ነው፤ ልጁ በኮንጎ ጫማ አህያ ሲያባርር፣ ዕቃ ሲያደርስ፣ ትምህርት ቤት ረፍዶበት ሲበር እናየው ነበር። በትምህርት ቤቶች ውድድር አንዴ ቢቸና አንዴ ሞጣ ሄዶ ተወዳድሮ መጣ፤ አንደኛ ባይወጣም ከፊቶቹ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከገና በኋላ አንድ ማታ አባትና እናቱ ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ፣ ተጠጣ፣ ነገሩ ግን አልወጣም። በመጨረሻ አባትየው ከኮቱ ኪስ ወረቀት አወጣ።

አንድ መልማይ ልጁን አይቶታል። አዳሪ ሆኖ የሚሠለጥንበት ቦታ ሊያስገባው ይችላል፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የሩጫ ጫማው፣ ትምህርቱ ሁሉ ተችሎ። አንድ ችግር ብቻ አለ። የሚቀበሉት ከ17 ዓመት በታች የሆነውን ነው፣ ልጁ ደግሞ በዚያው ወር 17 ሞልቶታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን "በ1996 ዓ.ም. ተወለደ" የሚል ደብዳቤ ትስጠው፤ በዚያ ማስረጃ ቀበሌ የልደት ወረቀቱን ያወጣለታል። "ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ መጋቢ። ማንን ይጎዳል? እርስዎ ይጻፉልን" አለ አባትየው። እናትየው የቡና ሲኒዋን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ባለቤቴ እኔን አየ። እኔም "እንጸልይበት" አልኩ። ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በኀፍረት ነው። እኛ አማኞች መልሱን እያወቅን ለመናገር ስንፈራ "እንጸልይበት" የምንለው ነገር አለ። የዚያን ማታው እንደዚያ ዓይነት ነበር።

በአባትየው ላይ ግን አትፍረዱበት። ያ ወረቀት ለእርሱ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት አገራችን ሯጭ የምታወጣበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ውድድር አለ። ቀጥሎ በየወረዳው "ፕሮጀክት" የሚሉት የታዳጊዎች ሥልጠና አለ፤ ልጆቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሠለጥናሉ። ከእነዚያ የተሻሉት ተመርጠው አዳሪ ወደሆኑ ማሠልጠኛ ማዕከላት ይገባሉ፤ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው አለ፣ በክልላችን የደብረ ብርሃኑ አለ፣ አዲስ አበባም የስፖርት አካዳሚው አለ። ከማዕከል ወደ ክለብ ነው፤ የቀድሞው መከላከያ የዛሬው መቻል፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያ ቤት የመሳሰሉት። ክለብ ማለት በየወሩ ደመወዝ ማለት ነው። ከክለብ ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ በኋላ ውጭ አገር። ለአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ከአምበር እስከ ዓለም ሻምፒዮና የሚያደርስ መሰላል ይህ ነው፤ ከእርከኖቹ አንዱ ካመለጠው ተመልሶ የሚያወጣው የለም ብሎ ነው አባት የሚያስበው።

መሰላሉ እንደሚሠራም አይተናል። አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ልጆችን ሰብስበው ያሠለጥኑ ነበር፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል፤ ይህ ለረጅም ርቀት ሯጭ ትልቅ ሀብት ነው። ደጋስ እኛም አለን። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱንም ጎጃም ያደገ ያውቀዋል። ብርድ ብቻውን ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ የእኛ አገር ልጆች ሁሉ ሜዳሊያ በለበሱ ነበር። በቆጂ የነበረው በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚቆም፣ የልጆቹን ስም፣ ቤታቸውንና እናት አባታቸውን የሚያውቅ መምህር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓመት ልመለስ። "ማንን ይጎዳል?" የሚለው ጥያቄ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በ15 እና በ17 ዓመት መካከል ወንድ ልጅ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ቁመቱ ይመዘዛል፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ ሳንባና ልቡ ይሰፋል። ሁለቱን በአንድ መስመር ብታቆሟቸው የሚያሸንፈው የታወቀ ነው፤ ተሰጥኦው የማን እንደሚበልጥ ግን አታውቁም። ማሠልጠኛው ያለው አልጋ ደግሞ የተቆጠረ ነው። የእኛ ልጅ በ15 ዓመት ስም ሲገባ እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ከውጭ ይቀራል። ያ ልጅ የማን ልጅ ነው? ምናልባት የደጀን ወይም የሞጣ እናት ልጅ ነው፤ እርሷም ለእርሱ ትጸልያለች።

ገብቶ የሚሠለጥነውም ቢሆን አይተርፍም። አሠልጣኙ የሚያየው ወረቀቱን ነው። "ገና 18 ነው፣ ሦስት ዓመት ጠብቁት፣ ይጨምራል" ይላል፤ ልጁ ግን 20 ሆኖታል፣ የሚጨምረውን ጨምሯል። በታዳጊዎች ውድድር ያንጸባረቁ ልጆች አዋቂዎቹን ሲቀላቀሉ ድንገት የሚጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአገራችን አትሌቲክስም የዕድሜ ነገር ለብዙ ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ የኖረ ቅሬታ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤም.አር.አይ. እስከ ማስመርመር ደርሷል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። ያ ልጅ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ሲያገባ፣ ለሚስቱ ዕድሜውን ሲነግራት የትኛውን ይናገራል? እናቱስ "ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?" ስትባል በየሰዉ ፊት እያሰበች ልትመልስ ነው።

ደግሞስ እንዲህ የሚያስቸኩለው ምንድን ነው? አበበ ቢቂላ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተወልዶ፣ ክቡር ዘበኛ ገብቶ፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሲሠለጥን ልጅ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ደራርቱ በ20 ዓመቷ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወስዳ፣ ወልዳ አሳድጋ፣ በ28 ዓመቷ በሲድኒ ደግማዋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኢትዮጵያ ያገኘችው አንድ ወርቅ የታምራት ቶላ ነው። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው በቦታው የገባው። ገብቶም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዕድሜው 32 ነበር። እርግጥ ጥሩነሽ በ18 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ እንደ እርሷ ያለ በየዘመኑ አንድ ሁለት ይነሳል። እንግዲህ ሁሉም ወላጅ ልጁን ጥሩነሽ አድርጎ ነው የሚያየው።

በማግሥቱ እናትየው ብቻዋን መጣች። ስለ ውሸቱ ልታወራ የመጣች መስሎኝ ነበር። "እህቴ፣ እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው" አለችኝ። "ሲታመም ማን ያውቃል? ምን እንደሚያበሉት፣ ምን እንደሚያጠጡት ማን ይነግረኛል? ሰውዬውን ብጠይቀው 'አይስቡ፣ እኛ አለን' አለኝ። እናንተ እነማን ናችሁ?"

ይህቺ እህት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመችው። ጥያቄዋ ግን ከብዙ የተማሩ ወላጆች ጥያቄ ይበልጣል። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር ነበረች፣ የሕዝቧ ብዛት 17 ሚሊዮን ገደማ። ልጆችን በሕፃንነታቸው እየመረጠች በልዩ የስፖርት ትምህርት ቤቶች በአዳሪነት ታስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ 40 ወርቅ ወስዳ አሜሪካን በለጠች፤ ዓለም ተደነቀ፣ "ምን ዓይነት ሥልጠና ነው?" ተባለ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ሰነዱ ወጣ። መንግሥት ራሱ ከ1974 ጀምሮ በምስጢር ባወጣው ዕቅድ ታዳጊ ልጃገረዶች ሳይቀሩ የወንድ ሆርሞን ያለበት ኪኒን ሲዋጡ ኖረዋል። ለልጆቹ የተነገራቸው ቪታሚን ነው ተብሎ ነው። ድምፃቸው ጎረነነ፣ ጉበታቸው ታመመ፣ ሲያድጉ በመውለድ የተቸገሩ አሉ። ወላጆች ምንም አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የስፖርቱ የበላይ የነበሩት ማንፍሬድ ኤቫልድ በርሊን ውስጥ ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ የተፈረደባቸው 22 ወር ነው፣ እርሱም በገደብ። እነዚያ እናቶችም "አይስቡ፣ እኛ አለን" ተብለው ነበር።

የእኛ ማዕከላት እንዲህ ያደርጋሉ ማለቴ አይደለም። የእኛ ድክመት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ተቃራኒው ነው፤ በጀት ያልቃል፣ አሠልጣኝ ይቀየራል፣ ልጁ ሰው ሳያስታውሰው ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ በቆጂ የተሠራ "የሯጮች ከተማ" የሚል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ከከተማዋ ወጥተው ወደ ማሠልጠኛ የሄዱ ሁለት ልጃገረዶችን ይከተላል። አንዷ በደረሰችበት ቦታ ሥልጠናውም አያያዙም እንደተነገራት አልሆነላትም። ፊልሙን ያየ ወላጅ የልጁን ሻንጣ ሲያዘጋጅ እጁ ይከብደዋል።

ሌላ ዓይነት አገርም አለ። ኖርዌይ አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ብቻ አላት። ከ1987 ጀምሮ ባወጣችው የልጆች ስፖርት ደንብ ትንንሽ ልጆች ሲወዳደሩ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም፤ 13 ዓመት ሳይሞላቸውም አገር አቀፍ ሻምፒዮና አይገቡም። ልጁ ይጫወታል፣ ብዙ ዓይነት ስፖርት ይሞክራል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እናቱ ጋር ይተኛል። ይህቺው አገር እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወስዳ አንደኛ ወጥታለች። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነታችሁን ነው፣ ገንዘቡ ይረዳል። ሰንጠረዥ አለማውጣት ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድ አልነበርንም፤ ይህንንም ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። እርሱ ውሸት እንዲጻፍ አልፈለገም። ነገር ግን አባትየው የአጥቢያችን ገንዘብ ያዥ ነበር፣ ከመጀመሪያዎቹ አማኞችም አንዱ ነው። "ቀኑን ሳንጠቅስ የአጥቢያችን ልጅ መሆኑን ብቻ ብንጽፍስ? የቀረውን እነርሱና ቀበሌው ይጨርሱት" አለኝ። እኔ ተቆጣሁ። እርሱም "መዝገቡን የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው እልህ የያዘሽ" አለኝ። ግማሽ እውነት ነበረበት። ሁለት ቀን በቁም ነገር አልተነጋገርንም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን በልጆቻችን በኩል "ለአባታችሁ እራት ቀርቧል በሉት" እያልን።

በሦስተኛው ቀን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ደብተሬን አወጣሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሩጫና ስለ ተጋድሎ ደጋግሞ የጻፈው ያለ ነገር አይደለም፤ ከቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ የውድድር በዓል ይደረግ ነበርና አንባቢዎቹ ነገሩን ያውቁታል። በሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 ላይም እንደ ደንቡ ያልተወዳደረ አክሊል እንደማያገኝ ይናገራል። ስለ ደንቡ የተማርነውን ደግሞ በደብተሬ ጽፌው ነበር። ጳውሳንያስ የተባለ በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረ ግሪካዊ ተጓዥ ኦሊምፒያ ላይ ያየውን ሲተርክ፣ ተወዳዳሪዎቹ ደንቡን ላለመጣስ በጣዖቱ ፊት ይምሉ ነበር ይላል፤ አሥር ወር ሙሉ በሥርዓት መሠልጠናቸውንም በመሐላ ያረጋግጣሉ። የሚምሉት እነርሱ ብቻ አልነበሩም። አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው፣ አሠልጣኞቻቸውም አብረው ይምላሉ። በልጆች ምድብ የሚወዳደሩትን የሚመረምሩ ዳኞችም ጉቦ ሳይቀበሉ በትክክል ሊፈርዱ ይምላሉ። አስተዋላችሁ? የዕድሜ ነገር ያን ጊዜም ነበረ፤ አባትም ያን ጊዜም ተጠያቂ ነበር። ጣዖት የሚያመልኩት ሰዎች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ እኛስ?

ይህን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፤ "አንቺ ጻፊው፣ የእኔ አይነበብም" አለ። ልጁ በአጥቢያችን ያደገ፣ በጠባዩ የተመሰከረለት፣ ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. የተወለደ መሆኑን ጻፍኩ፤ እርሱ ፈረመ፣ ማኅተም አደረግንበት። ሁለታችን ይዘን ሄድን።

አባትየው ደብዳቤውን አነበበው፣ አጠፈው፣ መልሶ ሰጠን። የገንዘብ ያዥነቱን ቁልፍ በሰው ላከው። አንድ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን አልመጣም፤ እናትየው ብቻዋን ትመጣ ነበር። ይህ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ደግሞም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ በዚያው ዓመት ዕድሜውን ቀንሶ ገባ የሚባል ሌላ የአካባቢያችን ልጅ ዛሬ ክለብ ውስጥ ነው፣ ለእናቱ ቤት ሠርቶላታል። አባትየው ከተመለሰ በኋላ ይህን ሁለት ጊዜ አንስቶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ የምመልሰው አላገኘሁም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ሮጠው የሚያሸንፉላችሁ ወላጆች፣ አትላኩ አልላችሁም። ስትልኩ ግን ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱና ቦታውን እዩት። የሚተኛበትን ክፍል እዩ። ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው፣ ከተጎዳ በኋላስ ያስቀምጡት እንደሆነ ወይም በአውቶቡስ እንደሚልኩት ጠይቁ። ኪኒንም መርፌም ከመስጠታቸው በፊት ይደውሉልኝ በሉ። ትምህርቱን በእውነት ይማራል ወይስ በወረቀት ብቻ ነው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችላል? ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር በማን ስም ይቀመጣል? አሠልጣኙ በጥያቄያችሁ ከተቆጣ ሻንጣውን ይዛችሁ ተመለሱ። ደኅና አሠልጣኝ ጠያቂ ወላጅ ይወዳል። አንዳችሁ እየፈለጋችሁ አንዳችሁ እየከፋችሁ ደግሞ አትፈርሙ፤ ልጁ የሄደ ዕለት ቅሬታው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ልጁ ዛሬ 24 ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ አዲስ አበባ አጎቱ ጋር ገባ፤ ቀን የግንባታ ሥራ ይሠራል፣ ማለዳ እንጦጦ ወጥቶ ይሮጣል። ክለብ የለውም። ባለፈው ገና ስልክ ደወለልኝ።

"እትዬ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ተወዳደርኩ።"

"ስንተኛ ወጣህ?"

"አሥራ አንደኛ።"

"ለአባትህ ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለህ?"

ትንሽ ዝም አለ። "ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። 'ጫማህ አላለቀም ወይ?' ብቻ አለኝ። በማግሥቱ በዘመድ እጅ ብር ላከልኝ።"